ግርማ በየነና 30ኛው የ«ኢትዮፒክስ» አልበም

አንጋፋው ድምፃዊ፣ ፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ አቀናባሪ ግርማ በየነ ከረጅም ዓመታት ዝምታ በኋላ ወደ አድማጭ የተመለሰበት አልበም እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ በፈረንሳይ አገር ታትሞ ወጥቷል። «ሆን ተብሎ የተሠራ ስሕተት» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ርዕስ የተሰጠው ይህ ሥራ፣ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት የሚታተመው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ስብስብ 30ኛ ቅጽ ነው።

ግርማ በሸክላ ዘመን ከ60 በላይ ዘፈኖችን ያቀናበረ ሲሆን፣ በራሱ ድምፅ ያስቀረጻቸው ግን 4 ብቻ ናቸው። የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች የሚያደንቅ አድማጭ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን አገባብና የፒያኖውን አካሄድ ማን እንዳወጣው አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» በተሰኘው አልበሙ ያካተተው «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ ድርሰት ነው፤ ዜማውን በርካታ የውጭ ባንዶች ተጫውተውታል። የደራሲው ስም ግን የዜማውን ያህል አልተሰማም።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የታወጀው ሰዓት እላፊ የሌሊቱን የሙዚቃ ሕይወት አዳከመ፤ ሸክላም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ባመራበት ጊዜ ግርማ ከኃይሉ መርጊያና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በዚያው ቀረ።

በአዲሱ አልበም ያጀበው በጌታቸው መኩሪያ ዜማ ስም የተሰየመው የፓሪሱ «አካለ ውቤ» ባንድ ነው። ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ጊታር፣ ቤዝና ድራም የያዙት ወጣት ሙዚቀኞች የቀድሞውን ድምፅ እንዳለ ለመቅዳት አልሞከሩም፤ ምቱን አጠንክረው የአዛውንቱን ረጋ ያለ ድምፅ ከፊት አስቀመጡት። በዚህ አዲስ ሞገድ ጌታቸው ራሱ ቀድሞ ተጉዟል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሆላንዱ «ዘ ኤክስ» ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን አሳትሟል። ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» በተባለው አልበም ተመልሷል።

የሙዚቃ ቅንብር በኢትዮጵያ የሕግ ጥበቃ ያለው ሥራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቅንብርን ከሌላ ሥራ የመነጨ፣ ነገር ግን የመነሻውን ሥራ መብት ሳይነካ ራሱን ችሎ የሚጠበቅ የፈጠራ ውጤት አድርጎ ይመለከተዋል። የባለቤቱ የኢኮኖሚ መብትም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። አዋጁ የወጣው ግን አብዛኞቹ ሸክላዎች ከታተሙ 30 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው።