ኢታኒየምና ኦፕቴሮን፤ የጉልበትና የዋጋ ንጽጽር

የአንድ መሣሪያ ዋጋ በጉልበቱ ብቻ ይለካልን? የሁለት ሰርቨር ፕሮሰሰሮች ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጠናል።

ኢንቴልና ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በኅብረት የደከሙበት ኢታኒየም በ2001 ለገበያ ቀረበ። ሥርዓቱ ፈጽሞ አዲስ ስለ ነበረ፥ በተለመደው የኤክስ 86 ሥርዓት የተጻፉትን ፕሮግራሞች የሚያስኬደው በዝግታ ነበር። ኤ.ኤም.ዲ. በ2003 ያወጣው ኦፕቴሮን ግን ነባሩን ሥርዓት ወደ 64 ቢት አሰፋው እንጂ አልጣለውም፤ ስለዚህ አሮጌውንም አዲሱንም ፕሮግራም በሙሉ ፍጥነት ያስኬድ ነበር።

በጉልበት ረገድ ኢታኒየም የሚናቅ አልነበረም። በዚያው በ2003 የወጣው ባለ 1.5 ጊጋኸርዝ ኢታኒየም 2 በሳይንስ ስሌት ኦፕቴሮንን ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ሲወጣ ዋጋው 4,226 ዶላር ነበር፤ ባለ 1.8 ጊጋኸርዙ ኦፕቴሮን ደግሞ 794 ዶላር። ይኸውም በአንዱ ዋጋ አምስት ኦፕቴሮን ይገዛ ነበር ማለት ነው። ከዚህም በላይ የኢታኒየም ገዢ በሙሉ ጉልበቱ ለመጠቀም ለዓመታት ያከማቻቸውን ፕሮግራሞች እንደ ገና ማዘጋጀት ነበረበት፤ ይህ ወጪ በዋጋ ዝርዝር ላይ አይጻፍም።

በ2004 ኢንቴል ራሱ ዜዮን በተባለው ፕሮሰሰሩ የተፎካካሪውን መንገድ ተከተለ። ኢታኒየምን ለደንበኞች ማቅረብም በ2021 አበቃ። ስለዚህ ገዢው ከጉልበት ይልቅ ያከበረለት አስቀድሞ የደከመበትን ሥራ ያላፈረሰበትን ነው ማለት ይቻላል።