የክሌማንሶ የመጨረሻ ጉዞ

ቤት ሲያረጅ በቆመበት ይፈርሳል፤ መርከብ ግን ስታረጅ የምትፈርስበትን አገር ፍለጋ ትጓዛለች። ለዚህም ምስክር የምትሆነን የፈረንሳይ የጦር መርከብ የነበረችው ክሌማንሶ ስለ ሆነች፣ ዛሬ ታሪኳን ባጭሩ እናቀርብላችኋለን። ዓመቶቹ የሚነገሩት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ክሌማንሶ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ አይሮፕላኖችን ተሸክማ ስታገለግል ከቆየች በኋላ በ1997 ከሥራ ተሰናበተች። መንግሥቷም በሕንድ አገር፣ በጉጅራት ጠረፍ በሚገኘው በአላንግ እንድትፈርስ ወሰነ። አላንግ ከ1983 ጀምሮ መርከብ ሲፈርስበት የኖረ የባሕር ዳርቻ ነው። በዚያ ባሕሩ ሞልቶ በመጣ ጊዜ መርከቢቱን ወደ ዳር ያወጧታል፤ ውሃው በሸሸም ጊዜ ሠራተኞች ብረቷን በእሳት እየቈረጡ ያወርዳሉ፤ ብረቱም እንደ ገና ለቤት መሥሪያ ይውላል። ሥራው የብዙ ድኻ እንጀራ ነው፤ ነገር ግን የሚወድቀው ብረትና የሚፈነዳው ጋዝ ብዙ ሰው ፈጅቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ዓይን የማያየው ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩ መርከቦች ሙቀትና እሳት እንዳይዛመትባቸው፣ አስቤስቶስ በሚባል ከድንጋይ በሚገኝ እንደ ቃጫ ያለ ነገር ይለበጡ ነበር። ይህም ሲፈርስ ብናኝ ሆኖ ሳንባ ይገባል፤ ካንሰርን የመሰለ ሕመሙ የሚገለጠው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ክሌማንሶ ዲሴምበር 31 ቀን 2005 እየተጎተተች ከቱሎን ወደብ ወጣች። አስቤስቶሱ አስቀድሞ በከፊል ተነሥቶላት ነበር። በውስጧ ስንት እንደ ቀረ ግን ስምምነት አልነበረም፤ መንግሥት 45 ቶን ያህል ነው ሲል፣ በማንሣቱ ሥራ የተካፈለ አንድ ኩባንያ ከዚያ ብዙ እጥፍ እንደሚሆን ተናገረ። እንግዲህ ባለቤቷ ያልቈጠረውን አላንግ ላይ መዶሻ የያዘ የቀን ሠራተኛ እንዴት አድርጎ ይቈጥረዋል?

መርከቢቱ የስዊዝን ቦይና ቀይ ባሕርን ካለፈች በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2006 የፈረንሳይ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ጉዞውን አገደ፤ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክም በዚያው ዕለት እንድትመለስ አዘዙ። አፍሪቃን በደቡብ ዞራ ብሬስት ገባች። በ2009 ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ሃርትልፑል ተወስዳ ፈረሰች።

በዚያው ዓመት በሜይ ወር በሆንግ ኮንግ ዓለም አቀፍ ስምምነት ጸደቀ። የሚመለከታት መርከብ በውስጧ ያለውን አደገኛ ነገር ሁሉ የሚዘረዝር መዝገብ እንድትይዝ፣ አፍራሹም የማፍረሻ ዕቅድ አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። በሥራ ላይ የዋለው ግን ከ16 ዓመት በኋላ፣ ጁን 26 ቀን 2025 ነው። ደግሞም የጦር መርከቦችን አይመለከትም፤ ክሌማንሶ ዛሬ ብትኖር እንኳ መዝገቡ አያስገድዳትም ነበር።