የጎማው ከንፈር፦ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ታሪክና የታሪኩ ጎደሎ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አልተቀየምሁም። የመኪና ዝናብ መጥረጊያ የታሪክ ምሁር የሚደክምበት ጉዳይ አይመስልም። እኔም ሁለት ዓመት ያህል ስለዚህ ዕቃ ሳነብ የቆየሁት በዕውቀት ፍቅር ብቻ ተገፋፍቼ አይደለም፤ መነሻዬን ወደ በኋላ እናገራለሁ። ዘመኖቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ግን ከወዲሁ ላሳውቅ።

የመጀመሪያዋ ባለታሪክ ሜሪ አንደርሰን ናት። በ1866 በአላባማ የተወለደች ሴት ስትሆን፣ በክረምት ወደ ኒውዮርክ ሄዳ በከተማ ባቡር ስትጓዝ ነጂው በበረዶ ከተሸፈነው መስታወት ጋር ሲታገል አየች ይባላል። ይህ በብዙ መጻሕፍት የሚደጋገም ትረካ ነው። ለተማሪዎቼ ግን ዘወትር እንደምለው፣ ከትረካው በፊት ሰነዱን እንይ። ኅዳር 10 ቀን 1903 የተሰጣት ቁጥር 743,801 የፈጠራ መብት «የመስኮት ማጽጃ መሣሪያ» የሚል ደረቅ ስም የያዘ ነው። ነጂው ከውስጥ ሆኖ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ አለው፤ ከውጭ ደግሞ ክንድ፣ በክንዱም ላይ ጎማ። ሰነዱ በዋነኛነት የሚያነሣው በረዶንና በረዶ የተቀላቀለበትን ዝናብ ነው፤ በጉልህ የሚጠቅሰውም የኤሌክትሪክ የከተማ ባቡርን ነው። አየሩ ሲጠራ መሣሪያው ተነቅሎ የሚቀመጥ መሆኑንም እንደ መልካም ጎን ይቆጥረዋል። የሌባ ሥጋት ያለባቸው የከተማችን ባለመኪኖች መጥረጊያቸውን ነቅለው ወደ ቤት ሲያስገቡ ባየሁ ቁጥር ይህ አንቀጽ ትዝ ይለኛል።

አንደርሰን በ1905 አሳቧን ለአንድ የካናዳ ድርጅት ብታቀርብ የንግድ ዋጋ የለውም የሚል መልስ አገኘች። መብቷ በ1920 ጊዜው ሲያልፍ አንዳች ገንዘብ አላስገኘላትም። በ1917 በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ መጥረጊያ ያስመዘገበችው ሻርሎት ብሪጅዉድም ዕጣዋ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ገንዘቡን ያገኘው ሌላ ሰው ነው። ጆን ኦይሼይ የተባለው የቡፋሎ ከተማ ነዋሪ በ1916 በዝናባማ ምሽት ሲነዳ አንድ ብስክሌተኛ ገጨ። ብስክሌተኛው ተረፈ። ኦይሼይ ግን የዚያን ምሽት ድንጋጤ አልረሳውምና፣ ጆን ጄፕሰን የተባለ የከተማው ሰው የሠራውን በእጅ የሚገፋ የጎማ መጥረጊያ ለገበያ ለማቅረብ በ1917 ኩባንያ አቋቋመ። በኋላ ትሪኮ በሚል ስም የታወቀውና በዘርፉ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው ይህ ኩባንያ ነው። የዕቃው ስም «የዝናብ ጎማ» ነበር። ይህን ስም ልብ በሉት፤ ከዚህ በኋላ በታሪኩ ውስጥ ጎማው በስሙ የሚጠራበት አጋጣሚ እምብዛም ነውና።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ክንዱን ማን ያንቀሳቅሰው የሚል ነው። አሜሪካኖች ሞተሩ አየር በሚስብበት ቱቦ ውስጥ የሚፈጠረውን የግፊት መጓደል ተጠቀሙ። ጀርመን አገር የቦሽ ኩባንያ በ1926 በኤሌክትሪክ የሚሠራውን አቀረበ። የመጀመሪያው መንገድ ርካሽ ነበር፤ ነገር ግን አስገራሚ እንከን ነበረው። ነጂው ነዳጅ አጥብቆ ሲረግጥ በቱቦው ውስጥ ያለው የግፊት ልዩነት ስለሚጠፋ መጥረጊያው ይዝላል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይቆማል። ነዳጁን ሲለቅ ደግሞ እንደ እብድ ይወራጫል። እንግዲህ ዳገት በዝናብ መውጣት ማለት ሳያዩ መውጣት ማለት ነበር። እንዲህ ያለው መጥረጊያ በአንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ላይ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ለጥቂት ልመለስ። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በግፊት ልዩነት የሚሠራ መሣሪያ በዚህ ከፍታ ገና ከመነሻው ጉልበቱ ይቀንሳል። ሞተሩም በሳሳው አየር ስለሚደክም ነጂው ይበልጥ ይረግጣል፤ ይበልጥ በረገጠ ቁጥር መጥረጊያው ይበልጥ ይዝላል። እንጦጦን በሐምሌ ዝናብ በእንዲህ ያለ መኪና የወጣ ሰው ዲትሮይት የማያውቀውን ችግር ያውቅ ነበር። የቴክኖሎጂ ታሪክን በፈጠራ ቀን ሳይሆን በአጠቃቀም ዘመን እንጻፍ የሚለው የዴቪድ ኤጀርተን ክርክር ለእኛ አገር ታሪክ ጸሓፊ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ነው። ሮበርት ኪርንስ መሐንዲስ፣ በዲትሮይት የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በ1953 በሠርጉ ምሽት የሻምፓኝ ጠርሙስ ቡሽ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኑን ጎዳው። ከዓመታት በኋላ በካፊያ ሲነዳ፣ የሰው ዓይን ሽፋሽፍት ያለማቋረጥ አይወዛወዝም፤ ሲያስፈልገው ብቻ ይርገበገባል ብሎ አሰበ። ጥቂት የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን አቀናጅቶ በመሃል እያረፈ የሚጠርግ መሣሪያ ሠራ፤ በ1963 ለፎርድ ኩባንያ አሳየ። ፎርድ በ1969 የራሱን አወጣ። ኪርንስ በ1978 ከሰሰ። የኩባንያው መከራከሪያ ክፍሎቹ ሁሉ አስቀድሞ የታወቁ ናቸው፣ አዲስ ነገር የለም የሚል ነበር። ክርክሩ 12 ዓመት ፈጅቶ በ1990 በ10.2 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ፤ ከክራይስለር ጋር የነበረውንም ያለ ጠበቃ ራሱ እየተሟገተ ረታ። በዚህ መካከል ትዳሩ ፈረሰ። በ2005 ሲሞት የሚፈልገውን፣ መሣሪያውን በራሱ ፋብሪካ የማምረት ዕድልን፣ አላገኘም ነበር። ፊልም ተሠርቶለታል፤ ተማሪዎቼ አይተውታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። እነዚህ ታሪኮች ሁሉ የሚተርኩት ክንዱን ማን እንደሚያንቀሳቅስና መቼ እንደሚያንቀሳቅስ ነው። መስታወቱን የሚነካው ግን ክንዱ አይደለም። የሚነካው ከጣት ጥፍር ጠርዝ የማይወፍር የጎማ ከንፈር ነው። ይህ ከንፈር ክንዱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ቀኝ መተኛት አለበት፤ በእያንዳንዱ መመለሻ ላይ ይገለበጣል። ሲደርቅ መገለበጡን ይተዋል፤ እንደ መፋቂያ ቀጥ ብሎ መስታወቱ ላይ ይንገጫገጫል፣ ውሃውንም ከመጥረግ ይልቅ ይበትነዋል። የከንፈሩን ታሪክ የሠሩት የጎማ ኬሚስቶች፣ ግራፋይት የቀቡት፣ ላዩን በክሎሪን ያጠነከሩት፣ አንድ ጀግና የላቸውም፤ ፊልምም አልተሠራላቸውም። የፈጠራ መብት መዝገብ አዲስነትን እንጂ መበላሸትን አይመዘግብምና፣ በመዝገብ ላይ ብቻ የምንመካ የታሪክ ሰዎች ከንፈሩን ሳናይ እናልፋለን። ገዢውም እንዲሁ ያልፋል።

እኔም አልፌዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ከደሴ ስመለስ ጣርማ በር አካባቢ ጉምና ዝናብ አንድ ላይ ያዙኝ። መጥረጊያዎቹን የገዛኋቸው ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር፤ ማቀፊያቸው የሚያብረቀርቅ፣ ዘመናዊ መልክ ያላቸው ነበሩ። ከንፈራቸውን በጣቴ ነክቼ አላየሁትም። በፊቴ የነበረው ነጭ መጋረጃ ድንገት ተከፍቶ የተጫኑ አህዮችና የሚነዳቸው ልጅ ብቅ ሲሉ በመካከላችን ሁለት እርምጃ ያህል ቀርቶ ነበር። ልጁ በዱላው የመኪናዬን አፍንጫ መታ መታ አድርጎ አለፈ። ኦይሼይን ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምጠየቀውን፣ የትኛውን እንግዛ የሚለውን፣ ከታሪኩ ተነሥቼ ልመልስ። ርዝመቱን ከነባሩ ጋር አለኩ፤ የነጂው ወገንና የተሳፋሪው ወገን ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም። መገጣጠሚያ የሌለው፣ አስቀድሞ የጎበጠው አዲሱ ዓይነት ለጎባጣ መስታወት የተሠራ ነው። በቀድሞዎቹ ጠፍጣፋ መስታወት ባላቸው መኪኖች ላይ መሃሉ ወይም ጫፉ ሊነሣ ይችላል፤ ለእነዚያ በብዙ ነጥብ የሚጫነው የቀድሞው ባለ ማቀፊያ ይሻላል፣ መጋጠሚያዎቹ አቧራ መያዛቸው ባይቀርም። የሲሊኮን ጎማ ፀሐይን ይበልጥ ይታገሣል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል፣ ድምፅም ያሰማ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ከንፈሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታችሁ ዳብሱት፤ ለስላሳና ቀጥ ያለ መሆን አለበት።

ጊዜውም አለው። በአገራችን ከንፈሩን የሚገድለው ዝናቡ ሳይሆን በጋው ነው። ከመስከረም እስከ ግንቦት በደጋ ፀሐይ ተኝቶ ይደርቃል፤ ከዚያ የሰኔው የመጀመሪያ ዝናብ አቧራውን ጭቃ ሲያደርገው፣ የደረቀው ጎማ አሸዋውን ይዞ መስታወቱን ይፍቃል። ስለዚህ የሚለወጠው በግንቦት መጨረሻ ነው። በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ የሚያለሰልሱትን አይቻለሁ፤ ነዳጅ የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጠዋል፣ ለአንድ ቀን የሚለሰልሰው ከዚያ በኋላ ይጠፋል። በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይበቃዋል።

በመስታወት ላይ የሚቀቡትን ፈሳሾች በተመለከተ አስተያየቴ እንደ መንገዱ ይለያያል። ንጹሕ መስታወት ውሃን ይወዳል፤ ውሃው በላዩ እንደ ስስ ሽፋን ይነጠፋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ የተስፋፉት ሲሊኮን አዘል ቅቦች ይህን ፍቅር ያፈርሱታል፤ ውሃው ጠብታ ጠብታ ይሆንና የጉዞው ነፋስ ያንከባልለዋል። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ይህ እውነተኛ ጥቅም አለው። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በእርምጃ ፍጥነት ሲነዳ ግን ነፋስ የለም። ጠብታዎቹ ባሉበት ይቀራሉ፤ በምሽት እያንዳንዳቸው የመጪውን መኪና መብራት ይበታትናሉ፤ ከንፈሩም በተቀባው መስታወት ላይ ይንቀጠቀጣል። መቀባት የፈለገ አስቀድሞ መስታወቱን አጥቦ ያድርቅ፣ ትርፉንም አጥርቶ ያብሰው፤ አለዚያ የቅቡ ጭጋግ ከዝናቡ ይብሳል። እኔ በበኩሌ የከተማ ሰው ነኝና አልቀባም።

ለዛሬ ሁለት ያረጁ የመጥረጊያ ጎማዎች ይዤ መጥቻለሁ፤ አንደኛው ያ የጣርማ በሩ ነው። ጠረጴዛው ላይ አሉ። ወደ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት በጣታችሁ ዳብሳችሁ እዩአቸው።