ርካሹ ጄትና የዳሞት ሰማይ

በ1933 ዓ.ም. የጣሊያንን የቡሬ ምሽግ ይደበድቡ የነበሩት የእንግሊዝ አይሮፕላኖች «ዌልስሊ» የሚባሉ ነበሩ። አውሮፓ ላይ ጊዜ ያለፈባቸው ተብለው ለአፍሪካ ጦር ሜዳ የተተዉ አሮጌዎች። ጣሊያን በአርበኛው ላይ ያሰማራው ካፕሮኒም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ለዳሞት ገበሬ ግን ከላይ የሚወርድ ቦምብ አሮጌና አዲስ የለውም። ጣሊያን የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቅቆ ወደ ደንበጫ አፈገፈገ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ደብረ ማርቆስ በዚያው መንገድ አለፉ። ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ «ፍኖተ ሰላም» የሚል ስም ያገኘችው ከዚያ ጉዞ ነው ይባላል።

አቅም የሌለው አገር አይሮፕላን ሲመርጥ ጥያቄው «የትኛው ይበልጣል?» አይደለም፤ «የትኛውን ማን ይሰጠናል?» ነው። የመጀመሪያዋ ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ አዲስ አበባ ያረፈችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ወረቀትም ቦምብም ተጣለ። የአይሮፕላን የመጀመሪያ የጦር ሜዳ ሥራ በወገን ላይ ሆነ ማለት ነው። ይህን ልብ ይሏል።

ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስዊድን ዞሩ። ቅኝ ግዛት የሌላት፣ ከትልልቆቹ ጋር የማትጎዳኝ አገር ናትና ምርጫው ብልህነት ነበረው። ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ቢሾፍቱ ላይ ትምህርት ቤቱን አቆመ፤ ሳዓብ 17 ቦምብ ጣዮች ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ መጡ። ነገር ግን ዘመኑ የጄት ነበር፤ ጄት ደግሞ ዋሽንግተን ነበር። በግንቦት 1945 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት አሜሪካ አሥመራ ላይ የቃኘው ጣቢያን ስትይዝ፣ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ሥልጠና አገኘች። በ1952 ዓ.ም. ኤፍ-86 «ሴበር» ደረሰ።

ሶማሊያ በ1956 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት የመሣሪያ ርዳታ ስትቀበል ጃንሆይ አላረፉም። አሜሪካም እያመነታች ኤፍ-5ን ፈቀደች፤ በ1958/59 ዓ.ም. መግባት ጀመረ። ኤፍ-5 ኖርዝሮፕ የተባለው ኩባንያ ሁሉም ጄት እየከበደና እየተወደደ በሚሄድበት ዘመን «ቀላልና ርካሽ ይሁን» ብሎ የሠራው ነው። ዋጋው አንድ ሚሊዮን ዶላር አይሞላም ነበር። ትንንሾቹ ሁለት ሞተሮቹ መጀመሪያ የታሰቡት የጠላትን ራዳር ለምታታልል ሰው አልባ በራሪ ነበር። የኬኔዲ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለወዳጅ አገሮች የሚታደል ተዋጊ አድርጎ መረጠው፤ ከግሪክ እስከ ደቡብ ኮሪያ ብዙዎች ተቀበሉት። አሜሪካ ራሷ ግን ለዋና ተዋጊነት አልፈለገችውም።

ጄቱ በርዳታ ይምጣ እንጂ ነዳጁ፣ ደመወዙና ጦር ሰፈሩ ከአገር ካዝና ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ግብሩ ለአይሮፕላን ተጣለ ማለቴ አይደለም። ዳሩ ግን የጎጃም ገበሬ፣ ርስቴ ይለካል፣ ይወሰድብኛል ብሎ ሠጋና በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት ተነሣ፤ በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ላይ አመረረ። መንግሥት ጦር ላከ፤ ጦሩ ሲያቅተው አይሮፕላን ላከ። መንደር በቦምብ ተመታ። በመጨረሻ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ግብሩን ያስቀረው ገበሬው ነው፤ ቦምቡ ያስከፈለው ግብር የለም።

ፍርድ ስንሰጥ ግን አንድ ወገን አንያዝ። የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ኦጋዴንን ሲወር፣ አሜሪካ ፊቷን ባዞረችበት ሰዓት፣ ሚግ-21ን ከሰማይ ያወረደው ይኸው ርካሽ ዘር ነው፤ የተሻሻለው ኤፍ-5ኢ። የለገሠ ተፈራና የጓደኞቹ ታሪክ ይታወቃል። ያ ጄት ባይኖር ሐረርና ድሬዳዋ ምን ይገጥማቸው እንደነበር ማሰብ አያስቸግርም። ከዚያ ሚግ-21ና ሚግ-23 ከሞስኮ ጎረፉ፤ በ1991 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ሱ-27 ተገዛ።

የዛሬው ርካሽ ተዋጊ አብራሪ እንኳ አይቀመጥበትም። ድሮን ከጄት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው፤ በሰሜኑ ጦርነት ኢትዮጵያ ከውጭ ገዝታ አሰማራችው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ከሰማይ ተመታች በተባለበት ዕለት፣ አንድ የሆስፒታል ባለሥልጣን ለዜና ወኪሎች 26 ሰዎች መሞታቸውን ተናገሩ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚያው ሰሞን ባወጣው መግለጫ፣ ሰላማዊ ሰዎች ተጎዱባቸው ካላቸው ከተሞች መካከል ፍኖተ ሰላምን ጠቀሰ፤ ቡሬንም።