ከቃሊቲ እስከ ዝቋላ በመኪና

ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ ዝቋላ ለሚነሣ ሰው እስከ ቢሾፍቱ ሁለት መንገድ አለ፤ በዱከም የሚያልፈው አሮጌውና ከቱሉ ዲምቱ የሚጀምረው የክፍያው። በ2011 ዓ.ም. እኔና ባለቤቴ በአሮጌው ሄድን። ከቢሾፍቱ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ጠጠርና አቧራ ተቀበለን። ዳገቱ ላይ ትንሿ መኪናችን ስለጋለች አቁመናት በእግር ቀጠልን፤ ከፍ ያለ መኪና ያለው ቢይዝ ይሻለዋል።

የተራራው ጫፍ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። የጥንቱ እሳተ ገሞራ አፍ ዛሬ ሐይቅ ነው፤ ጠበል ስለሆነ አይዋኙበትም። በዙሪያው የጥድ ደንና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ሲነግሥ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ እኛ ግን ጸጥታውን ወደድነው።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. አራት የገዳሙ አባቶች ተገደሉ። ባለቤቴ በየዓመቱ «ዘንድሮስ?» ትለኛለች። ወደዚያ ለሚመላለሱ ሰዎች ደውዬ መንገዱን ሳልጠይቅ አልመልስላትም።