ካህናቱ ሄደው የቀረችው ሥዕል

በቦሌ መድኃኔ ዓለም የግድግዳ ሥዕል ዓይኑን ያለመደ ባለሙያ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ሐውልቱ ባዕድ ሆኖ ይታየዋል፤ በአገራችን ልማድ ቅዱሳን በቀለም እንጂ በድንጋይ አይቆሙምና። ምክንያቱ የሮም መነሻው ይመስለው ይሆናል፤ አይደለም።

በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ የምትገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል ኢየሱሳውያን በ1569 እ.ኤ.አ. ከጳጳሱ ፈቃድ አግኝተው አስገለበጡ፤ ቅጂዋም ከእነርሱ ጋር ወደ እኛ አገር ደረሰች። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ።

ሥዕሏ ግን አልወጣችም። (ይህን ብንነግራቸው የማያምኑን አረጋውያን ብዙ ናቸው።) ሐውልት ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ ይመጣል፤ ሥዕል ግን በተገለበጠ ቁጥር የገልባጩን እጅ ይቀበላል። የጎንደር ሠዓልያን ልጇን በግራ ክንዷ እንደታቀፈች፣ እጆቿን እንዳነባበረች፣ መሐረቧንም እንደያዘች ተዉአት። ፊቷን ግን በአገራቸው መልክ ሣሉት፤ በግራና በቀኟም ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስመዝዘው አቆሙላት።