ባቄላ ያልደረሰው ወንድም

አጎቴ ትውልድ የሚቆጥሩት በባቄላ ነው። ሰፌድ ጭናቸው ላይ ያደርጉና ለእያንዳንዱ ስም አንድ ፍሬ ያኖራሉ። «እገሌ እገሌን ወለደ፤ እሱም እገሊትን ወለደ፤ እሷ የኛን አባት ወለደች» እያሉ ሳይደናቀፉ ዐሥራ አንድ ፍሬ ይደረድራሉ። ሰማንያውን አልፈዋል፤ ትናንት የበሉትን ይረሳሉ፣ ይህን ግን አይስቱም።

ጎጃም ድረስ የሄድኩት ለአንድ ሰው ብዬ ነበር፤ ለአያቴ አያት። በክፉ ቀን ጎልማሳ የነበሩ፣ ሁለት በሬ ጠምደው የሚያርሱ ገበሬ እንደነበሩ ብቻ ነው የማውቀው። አጎቴ እሳቸው ላይ ሲደርሱ፣ ወንድም እህት ነበራቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

«አንድ ወንድም ነበራቸው ይባላል። ዓባይን ተሻግሮ ቀረ።»

አንድ ባቄላ አነሱ፣ በጣታቸው አገላበጡት፣ መልሰው እጃቸው ውስጥ ጨመሩት። «እሱ እዚህ መሬት የለው፤ ምን ብዬ ልቁጠረው?»

የዚያን ቀን ማስታወሻዬን ሁሉ እንደገና ማንበብ ነበረብኝ። እኔ የዘር ሐረግ መስሎኝ ስጽፍ የዋልኩት ለካ የሙግት ቃል ነው።

በርስት አገር መሬት የሚጠየቀው በትውልድ ነበር። አንድ ሰው ከአቅኚው አባት መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ካስረዳ፣ ድርሻዬን አካፍሉኝ ማለት ይችላል። በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ያጠናው አሜሪካዊው አለን ሆበን እንዳሳየው፣ ሰው ሁሉ ብዙ አያቶች ስላሉት በወሬ ደረጃ ብዙ ቦታ ርስት አለው፤ በተግባር ግን የሚቆጥረው ጉልበት፣ ዘመድና ገንዘብ ኖሮት ሊሟገትበት የሚችለውን መስመር ብቻ ነው። ሌላው መስመር ይተዋል፤ የተተወውም ከሁለትና ሦስት ትውልድ በኋላ ይረሳል። ርስት ያልነበራቸው ሸማኔውና ፋቂው ደግሞ ከመጀመሪያውም እዚህ ቆጠራ ውስጥ የሉም።

ለሴቶቹ ግን ይኸው ሥርዓት ውለታ ውሏል። የአጎቴ ሰፌድ ላይ ካሉት ዐሥራ አንድ ፍሬዎች ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ርስቱ በእነሱ በኩል ስለመጣ ስማቸውን መዝለል መሬቱን መልቀቅ ነው። ስም በአባት በኩል ብቻ በሚጻፍበት በዛሬው ልማድ ቢሆን ሦስቱም ጠፍተው ነበር።

አጎቴ ይህን የተማሩት በልጅነታቸው፣ ስንቅ ተሸክመው አባታቸውን ፍርድ ቤት ሲከተሉ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ቆጠራው ሥራ ፈታ። እሳቸው ግን አልተዉትም።

ዓመተ ምሕረት መጠየቅ ከንቱ ነው። የአያቴ አባት መቼ ተወለዱ? «በዘመነ ዮሐንስ፣ አድዋ የተዘመተ ጊዜ።» ይህን ማጣራት ይቻላል፤ 1888 ላይ 5500 ይደመርና ለአራት ይካፈላል፤ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። 7388 እኩል ይካፈላል። የገበሬው ትዝታ ያለ አንድ ወረቀት ልክ ሆኖ ሲገኝ ደስ ይላል፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይገጥምም።

የማይገጥመው ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት ላይ ነው። ጥር 1880 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውሃ ላይ በደርቡሽ ተሸነፉ፣ ጎንደር ተቃጠለች። በዓመቱ የዐፄ ዮሐንስ ጦር ንጉሡን ሊቀጣ ጎጃም ገብቶ አገሩን ዘረፈው። መጋቢት 1881 ዐፄው መተማ ላይ ወደቁ። በዚሁ መካከል ጣሊያኖች ለሠራዊታቸው በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ በአገሩ ተዛመተ፤ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ የሌለው ገበሬ ማሳው እያለ ይራባል። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ያሳዩት ለዚህ ነው። ድርቁ፣ አንበጣውና ወረርሽኙ ተጨምሮ እስከ 1884 ድረስ የቆየውን ክፉ ቀን አጎቴ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል፤ «ያን ጊዜ ሰው አለቀ።» ማን እንደ አለቀ በስም የሚያውቅ የለም። ልጅ ሳይተካ የሞተ ሰው የሚያወርሰው የለውምና ፍሬ አይደርሰውም።

ከቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ተስፋ ነበረኝ። የድሮ ሰው መሬት ሲሸጥና ሲያወርስ፣ ውሉ ወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ዳኛው፣ እማኙ፣ ዋሱ በስማቸው ይጠራሉ፤ ዋጋውም በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ ጨው ይገለጻል። ጎንደር አድባራት ውስጥ ይህ ልማድ በጣም የዳበረ ነበር። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ወደ መቅደላ ተወስደው ነበርና፣ መቅደላ በ1860 በእንግሊዝ ጦር ከተዘረፈች በኋላ ለንደን ገብተዋል፤ የጎንደር ገበሬ ዘር የአያቱን እማኝነት በዋናው ብራና ላይ ለማንበብ ዛሬ ቪዛ ያስፈልገዋል።

በእኛ ደብር መሪጌታው ወንጌሉን ከነማኅደሩ አውጥተው፣ በጨርቅ ይዘው ገለጡልን። መጨረሻው ገጽ ላይ በቀጭን ብዕር የተጻፈ የመሬት ውል አለ። ከእማኞቹ አንዱ በአያቴ አያት ስም የሚጠራ ነው።

«ይኸው የኛ ሰው!» አሉ አጎቴ።

የአባት ስም የለውም፤ ዘመኑም አልተጻፈም። በዚያ አገር በዚያ ስም የሚጠራ ገበሬ በየጎጡ አለ። ይህን ስላቸው ተቀየሙኝ፤ እስከ ቤት ድረስ አላናገሩኝም። እኔም እስከ ዛሬ ማስታወሻዬ ላይ ከስሙ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አኑሬበታለሁ።

ባለፈው ጥር ስልክ ደወሉልኝ። የወንድሜን ልጅ ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር፤ የልጁ ወገኖች ከዓባይ ማዶ፣ ከሻምቡ አካባቢ ናቸው። እንደ ወጉ ቤት ይቆጠር ተባለ። በልጁ በኩል የመጡት ሽማግሌ እየቆጠሩ ወደ ላይ ሲወጡ፣ «በክፉ ቀን ከጎጃም የተሻገረ» ብለው አንድ ስም ጠሩ፤ አስከትለውም የአባቱን ስም።

«ስንት ቤት ሆነ?» አልኳቸው።

«ስድስት። ሰባት አልሞላም፤ አይሆንም ብለን መለስናቸው።» ትንሽ ዝም አሉ። «ያን ወንድምየውን ጻፈው ልጄ። ሰፌዱ ላይ አድርጌዋለሁ።»